አራት ነጥብ ያልተሰጠው ኑዛዜ

ከ1976 መጸው በኋላ በዋርሶ ደራስያንና ጋዜጠኞች መካከል አንድ ግልጽ ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ጀመር። ግርጌው ላይ የፖላንዳዊው ደራሲ የየዢ አንድዤየፍስኪ ስም ሰፍሯል። ደብዳቤው የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎች ከሌላው እኩል ይታዩ፣ መብታቸው ይከበር ይላል። አንድዤየፍስኪ ግን ደብዳቤውን አልጻፈውም። ጽፎ ያሰራጨው የፖላንድ የደኅንነት መሥሪያ ቤት ነው። ደራሲው በዚያ ሰሞን፣ በአድማ ምክንያት ለታሰሩና ከሥራ ለተባረሩ ሠራተኞች ጠበቃ የሚያቆምና ገንዘብ የሚያሰባስብ ኮሚቴ ከመሠረቱት አንዱ ነበር። በሐሳብ ሊረቱት ያልቻሉ ሰዎች በገበናው መጡበት።

ሐሰተኛው ደብዳቤ ጉልበት ያገኘው ከእውነት ጋር ስለተጎራበተ ነው። አንድዤየፍስኪ ወንዶችን ይወድ ነበር። ባለትዳርና የልጆች አባት ቢሆንም የዋርሶ የሥነ ጽሑፍ ሰፈር ይህን ያውቃል። እየታወቀ የማይነሳ ነገር ነበር። ስለ እሱ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ ሁለት ቦታ የተከፈለ ነው፤ አንደኛው ወገን የፖለቲካ ሕይወቱን ከካቶሊክነት ወደ ኮሚኒስትነት፣ ከዚያም ወደ ተቃዋሚነት እያለ ይዘረዝራል፤ ሌላኛው ወገን ደግሞ ማንን ወደደ፣ ከማን ጋር ታየ እያለ ያማል። ለእኔ ሁለቱም ዋናውን ነገር ይስቱታል። አንድዤየፍስኪ በአደባባይ ሊናገረው ያልቻለውን ነገር የተናገረው በልብ ወለዶቹ አሠራር ነው። ዐረፍተ ነገሩን እንዴት እንደሚያስረዝም፣ ግሱን በምን ጊዜ እንደሚያስቀምጥ፣ ታሪኩን በማን አፍ እንደሚያስነግር የተመለከተ አንባቢ ሰውየውን ያገኘዋል። ይህ ጽሑፍም በአመዛኙ ስለዚያ አሠራር ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ኦገስት 19 ቀን 1909 ዋርሶ ውስጥ ነው፤ ከተማዋ ያኔ በሩሲያ ዛር ሥር ነበረች። በዋርሶ ዩኒቨርሲቲ የፖላንድ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ተምሯል፤ ዲግሪውን ግን አልያዘም። የመጀመሪያ የአጫጭር ታሪኮች መድበሉ በ1936፣ የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «የልብ ሥርዓት» በ1938 ወጣ። ልብ ወለዱ ከአንድ የገጠር ቄስ የሕሊና ትግል ዙሪያ የተሠራ ነው፤ ገና ሠላሳ ዓመት ሳይሞላው የካቶሊክ ሥነ ጽሑፍ ተስፋ ተባለ፣ ተሸለመ። መጀመሪያ ላይ ይሠራበት የነበረው ሳምንታዊ ጋዜጣ ብሔርተኛ ነበር፤ ጋዜጣው በአይሁድ ላይ የሚያሰማው ጥላቻ እየከረረ ሲሄድ ትቶት ወጣ።

ስለ ሕጉ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ፖላንድ በ1932 ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአዋቂዎች መካከል በፈቃድ የሚደረግ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ወንጀል መሆኑ ቀርቷል። ብዙ የምዕራብ አውሮፓ አገሮች ያን ጊዜ ገና ሰው ያስሩበት ነበር። ስለዚህ አንድዤየፍስኪ የፈራው ወኅኒ ቤት አልነበረም። የሚያስፈራው የቤተ ክርስቲያኑ ፍርድ፣ የጎረቤቱ አፍ፣ በኋላም የፖሊስ ፋይል ነው። ፋይሉ ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ ሰውየው አስቸጋሪ እስኪሆን ተቆልፎበት ይቀመጣል፣ ሲያስፈልግ ይወጣል። ሕግ የፈቀደውን ኅብረተሰብ በዝምታ ሲከለክል ደራሲው ከማን ጋር እንደሚሟገት እንኳ ለይቶ አያውቅም፤ በጽሑፎቹ ውስጥ ተከሳሹ እንጂ ክሱ በግልጽ የማይታየው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል።

በጀርመን ወረራ ዘመን ዋርሶ ቆየ። የቅርብ ወዳጁ፣ በኋላ ኖቤል የተሸለመው ገጣሚ ቼስዋፍ ሚዎሽ ነበር። በ1940 ሚዎሽ በሐሰት ስም አንዲት የግጥም መድበል በማባዣ ሲያወጣ አንድዤየፍስኪ ከረዱት አንዱ ነው፤ ሃምሳ እንኳ ያልሞሉት ቅጂዎች በእጅ ተሰፉ። በ1942 እና በ1943 ሁለቱ በአንድ ከተማ እየኖሩ ረጃጅም ደብዳቤ ተጻጽፈዋል። እምነት፣ ሥነ ምግባር፣ የአውሮፓ ውድቀት የሚሉ ጉዳዮች የተነሱባቸው እነዚህ ደብዳቤዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ታትመዋል።

ከጦርነቱ ጽሑፎቹ ትልቁ «የሕማማት ሳምንት» ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1943 የዋርሶ ጌቶ፣ ጀርመኖች በግንብ አጥረው ያጎሩበት ሰፈር፣ አይሁድ በጀርመኖች ላይ የጦር መሣሪያ አነሱ፤ ዕለቱ ከፋሲካ በፊት ያለው ሰኞ ነበር። አንድዤየፍስኪ የመጀመሪያውን ረቂቅ እሳቱ ሳይበርድ በዚያው ዓመት ጻፈው፤ ከጦርነቱ በኋላ አስፍቶ እንደገና ሠራውና በ1945 «ሌሊት» በተባለው መድበል አወጣው። ታሪኩ ያን ማሌጽኪ የሚባል የተማረ ዋርሶዊ ኢሬና የተባለች አይሁዳዊት የድሮ ወዳጁን መንገድ ላይ አግኝቶ ቤቱ ሲደብቃት ነው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ግን እያንዳንዷን የደግነት እርምጃ የሚራመደው እየተጸጸተ ነው። ደራሲው ጌቶው እየነደደ ከግንቡ ማዶ የመዝናኛ መሽከርከሪያ ሲዞር፣ ሰው ትኬት ቆርጦ ሲሳፈር ያሳየናል። በዚያ ዘመን ወገኑን እንዲህ በአንድ ገጽ ላይ ለማቆም የደፈረ የፖላንድ ደራሲ ጥቂት ነው።

ዓለም የሚያውቀው ግን «አመድና አልማዝ»ን ነው። በ1947 በሳምንታዊ መጽሔት በተከታታይ ሲወጣ ርእሱ «ልክ ከጦርነቱ በኋላ» ነበር፤ በ1948 መጽሐፍ ሲሆን ከገጣሚው ከኖርቪድ ስንኞች ላይ አዲሱን ርእስ ወሰደ። ጊዜው ሜይ 1945 ነው። ጀርመን እጅ ልትሰጥ ነው፤ አንዲት የአውራጃ ከተማ ሆቴል ውስጥ የድል ግብዣ ይዘጋጃል። ማቼክ ሄውሚጽኪ፣ ከጀርመን ጋር ሲዋጋ የኖረ፣ የአገር ሠራዊት የተባለው የኅቡዕ ጦር ወጣት፣ ሽቹካ የተባለ የኮሚኒስት ባለሥልጣን እንዲገድል ታዟል። መግደል ሰልችቶታል፣ ከቡና ቤቷ ልጅ ከክሪስቲና ጋር ፍቅር ይዞታል፣ ቢሆንም ይገድላል፤ ከዚያ ከማያውቀው ወታደር ሸሽቶ ሲሮጥ በከንቱ ይሞታል።

የፊልም ዳይሬክተሩ አንድዤይ ቫይዳ በ1958 ፊልም ሲያደርገው የስክሪፕቱን ሥራ ከደራሲው ጋር ሠሩት። የጥቂት ቀናት ታሪክ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሆነ። በመጽሐፉ ሰፊ ቦታ ያለው ዳኛ ኮሴጽኪ፣ በማጎሪያ ካምፕ ሌሎች እስረኞችን ያሠቃየው ሰው፣ ከነታሪኩ ወጣ። ማቼክን የተጫወተው ዝቢግኔቭ ጺቡልስኪ በጥቁር መነጽሩ የአንድ ትውልድ መልክ ሆነ። በፊልሙ ሽቹካ ሲመታ ወደፊት ወድቆ ገዳዩ እቅፍ ውስጥ ይገባል፣ ሰማዩ ላይ የድል ርችት ይፈነዳል። ፊልሙን ብቻ ያየ ሰው ወደ መጽሐፉ ሲመጣ ግር የሚለው አንድ ነገር አለ፤ መጽሐፉ ለአዲሱ መንግሥት ያደላል። አንድዤየፍስኪ በኋላ እትሞችም እየነካካው ሄዷል። መጽሐፉ በትምህርት ቤት እንዲነበብ የተደረገው በዚህ ነው፤ ያም ሆኖ አንባቢው ልቡን የሚሰጠው ለተገዳዩ ሳይሆን ለገዳዩ ልጅ ነው። የማቼክ አኳኋን፣ ሲጋራ አያያዙ፣ ፈገግታው የተቀረጸው በሚወድ ዓይን ነው፤ ፓርቲው ያላስተዋለው ይህን ዓይን ነው።

በ1950 አካባቢ አንድዤየፍስኪ የኮሚኒስቱ ፓርቲ አባል ሆነ፣ ከ1952 እስከ 1956 ፓርላማ ተቀመጠ፣ ዛሬ ለማንበብ የሚያሳፍሩ የቅስቀሳ ጽሑፎች ጻፈ። ወዳጁ ሚዎሽ አገር ጥሎ ከወጣ በኋላ በ1953 ፓሪስ ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ «አልፋ፣ ሞራል ሰባኪው» ብሎ ሥዕሉን አወጣ። ስም አልጠራም፤ የፖላንድ አንባቢ ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን አንድ ገጽ አላስፈለገውም። ሥዕሉ ብርቱ ነው፣ ፍርዱም በብዙው ትክክል ነው፤ ለእኔ የጎደለው ነገር፣ አንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ወደ ፓርቲ የሚሮጠው ለዝና ብቻ ሳይሆን ኃጢአቱን የሚፈታለት ሌላ ደጅ ፍለጋም ሊሆን እንደሚችል አለማንሳቱ ነው።

መመለሻው በአንዲት አጭር ታሪክ ጀመረ። በ1950ዎቹ አጋማሽ የወጣችው «ወርቃማው ቀበሮ» ስለ ሉካሽ፣ ስለ አንድ ትንሽ ልጅ ናት። አንድ ምሽት ወርቃማ ቀበሮ መጥቶ የልጁ ቁም ሣጥን ውስጥ ይደበቃል። ልጁ በደስታ ለቤተሰቡ ይናገራል፤ ማንም አያምነውም። አይመቱትም፣ አይቆጡትም፤ በፍቅር፣ በምክር፣ በጓደኛ ግፊት ቀስ እያሉ ያግባቡታል፤ በመጨረሻ ልጁ ራሱ ቀበሮ የሚባል ነገር የለም ይላል። በጊዜው ሁሉም ሰው ያነበባት የፖለቲካ ምሳሌ አድርጎ ነው፣ ትክክልም ነው። ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ ውብ ምሥጢር፣ ምሥጢሩንም በለሰለሰ እጅ የሚነጥቅ ቤተሰብ የሚለውን ማን እንደጻፈው ስናውቅ ግን ታሪኩ ሁለተኛ ወለል ያገኛል። በ1957 ያወጣው «ጨለማ ምድርን ይሸፍናል» ደግሞ በስፔን ኢንክዊዚሽን፣ ቤተ ክርስቲያን መናፍቅ ያለቻቸውን ስታሳድድ በነበረችበት ዘመን፣ የተቀመጠ ነው። ዲዬጎ የሚባል ወጣት መነኩሴ የኢንክዊዚሽኑን አለቃ ቶርኬማዳን ይጠላል፣ ቀስ በቀስ ይማረክለታል፣ በመጨረሻ ሽማግሌው ሞት አልጋው ላይ ሆኖ ሥራዬ ስሕተት ነበር ሲል ደቀ መዝሙሩ በጥፊ ይመታዋል። በዚያው ዓመት አንድዤየፍስኪ ከፓርቲው ወጣ።

አሁን ወደ ዋናው መጽሐፍ ልምጣ።

«የገነት ደጆች» በ1960 ወጣ። ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ ሁለት ዐረፍተ ነገር ብቻ አለው። የመጀመሪያው ከመጽሐፉ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ይሄዳል፤ ሁለተኛው በፖላንድኛ አራት ቃል ነው፦ ሌሊቱንም ሁሉ ተጓዙ። ታሪኩ የሚነሳው በ1212 ከፈረንሳይ ተነሳ ከተባለው የሕፃናት የመስቀል ዘመቻ ነው። በሺሕ የሚቆጠሩ ልጆች ኢየሩሳሌምን ነጻ ሊያወጡ በዝናብና በጭቃ ይጓዛሉ፤ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ አብሯቸው እየሄደ ሰልፉ ሳይቆም ያናዝዛቸዋል። የምንሰማው የአምስት ልጆችን ኑዛዜ ነው፦ የሞድን፣ የሮቤርን፣ የብላንሽን፣ የአሌክሲስን፣ በመጨረሻም ጥሪው በእግዚአብሔር ተገለጠልኝ ብሎ ሁሉንም ያስነሳውን የእረኛውን የያዕቆብን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አራት የጊዜ ንብርብር አለ፦ የአሁኑ ጉዞ፣ በጉዞው ላይ የሚነገረው ኑዛዜ፣ በኑዛዜው የሚታወሰው ያለፈ ቀን፣ በዚያ ቀን የተነገረ ንግግር። ሌላ ደራሲ እነዚህን በአንቀጽ፣ በጥቅስ ምልክት፣ በምዕራፍ ይለያቸው ነበር። አንድዤየፍስኪ ያለው መሣሪያ ነጠላ ሰረዝ ብቻ ነው። ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው የሚያሻግረው በድግግሞሽ ነው። ያዕቆብ ለልጆቹ የተናገረው ጥሪ፣ ነገሥታቱና ባላባቶቹ ልባቸው ስለታወረ የክርስቲያን ልጆች ለኢየሩሳሌም ይራሩ የሚለው፣ ቃል በቃል ሊባል በሚችል መልኩ እንደ አዝማች ይመለሳል። አዝማቹ በመጣ ቁጥር አንባቢው ወዴት እንደቆመ ያውቃል። ግን በእያንዳንዱ ኑዛዜ መካከል ስለምንሰማው፣ መጀመሪያ ላይ ቅዱስ የነበረው ቃል እየሰማን ይጠቁራል።

ምክንያቱም ልጆቹ የሚጓዙት ለኢየሩሳሌም አይደለም። ሮቤር የሚጓዘው ለሞድ ነው፤ ሞድ ለያዕቆብ፤ ብላንሽም ለያዕቆብ፤ እሱን ስላላገኘች ከአሌክሲስ ጋር ትተኛለች፤ አሌክሲስም የሚወደው ያዕቆብን ነው። ማንም በወደደው አልተወደደም። አሌክሲስ የግሪክ ልጅ ነው፤ ባላባቱ ሉዶቪክ ዘ ቫንዶም የመስቀል ጦረኞች ቁስጥንጥንያን በ1204 ሲይዙ ወላጆቹን ገድሎ፣ በጸጸት ልጁን ወስዶ አሳደገው፣ ኋላም ፍቅረኛው አደረገው። አሌክሲስ ይህን ሁሉ ለመነኩሴው ሲናገር ጥላቻና ፍቅር በአንድ ነጠላ ሰረዝ ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ። ባላባቱ ወንዝ ውስጥ ሲሰጥም ቆሞ እንዳየው ሲናዘዝ፣ ተበቀለ ወይስ አዘነ የሚለውን ደራሲው አይወስንልንም። አራት ነጥብ ብይን ነው፤ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብይን የለም። ለምን እንዲህ ጻፈው ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ ይህ ነው፦ ኑዛዜ የሚያልቀው አናዛዡ ሲፈታ ነው፤ አንድዤየፍስኪ የሚፈታው ያላገኘ ሰው ኑዛዜውን የማያቆም ዐረፍተ ነገር አደረገው።

በመጨረሻ ያዕቆብ ይናገራል። ጥሪው ከሰማይ አልመጣም፤ የባላባቱ የሉዶቪክ ቃል ነው፣ አንድ ሌሊት ጎጆው ውስጥ የሰማው። መነኩሴው ይደነግጣል፣ ኃጢአቱን አልፈታም ይላል፣ ሰልፉን ሊያስቆም እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ ሰልፉ ረግጦት ያልፋል። ከዚያ ነው አራቱ ቃላት የሚመጡት።

ሳንሱር ይህን እንዴት አሳለፈው? ቅንብሩን እዩት። ዘመኑ 13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፣ ተናጋሪዎቹ የጥንት ፈረንሳውያን ናቸው፣ የሚጋለጠው የቤተ ክርስቲያን ዘመቻ ነው፤ ለመንግሥቱ የሚያስደነግጥ ነገር የለም። ብልህ ሳንሱር አድራጊ በሐሰት ተስፋ የሚነዳ ሕዝብ የሚለውን ሊያይ ይችል ነበር፤ ያን ለማገድ ግን ይህ እኛ ነን ብሎ በጽሑፍ ማመን ይኖርበታል። በወንዶች መካከል ያለው ፍቅርም በዚያው ጥላ ሥር አለፈ። ቫይዳ በ1968 ፊልም አድርጎታል፤ አልሆነም፤ የመጽሐፉ ጉልበት ሁሉ ዐረፍተ ነገሩ ውስጥ ስለሆነ ካሜራ ፊት ሲቆም የቀረው ሴራው ብቻ ነው።

አንባቢ ይህን መጽሐፍ የሚያቋርጠው በአንድ ምክንያት ነው። ማረፊያ ስለሌለው የትም ይዘጋዋል፤ ሲመለስ ማን እየተናገረ እንደነበር አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ወይም በሁለት መቀመጫ መጨረስ ነው። አምስቱን ስሞች ወረቀት ላይ ጽፎ ማን ማንን እንደሚወድ በቀስት ማያያዝ ይረዳል። ማቋረጥ የግድ ከሆነ፣ አዝማቹ የተመለሰበት ቦታ ላይ ማቆም፤ ዐረፍተ ነገሩ ትንፋሽ የሚወስደው እዚያ ነው። የአሌክሲስ ኑዛዜ ከሁሉም ረጅሙ ነው፣ ብዙ ሰው የሚደክመውም እሱ ላይ ነው፤ ከመጀመሩ በፊት አረፍ ብሎ በአንድ ትንፋሽ መውሰድ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የመንግሥት ትዕግሥት አለቀ። በ1964 ሳንሱርን ከተቃወሙ 34 ምሁራን አንዱ ሆኖ ፈረመ። በኦገስት 1968 በሶቭየት ኅብረት የሚመራው የዋርሶ ስምምነት ጦር፣ የፖላንድ ወታደሮችን ጨምሮ፣ ቼኮዝሎቫኪያ ሲገባ ለቼኮዝሎቫኪያ ደራስያን ማኅበር ሊቀ መንበር ለኤድዋርድ ጎልድሽትዩከር የተቃውሞና የይቅርታ ግልጽ ደብዳቤ ጻፈ። በዚያው ዓመት «ይግባኝ» የተባለው ልብ ወለዱ ፓሪስ በስደተኞች ማተሚያ ቤት ወጣ። አገር ውስጥ ስሙ ታገደ።

ሳንሱር በዋርሶ ሚሻ መንገድ ላይ ያለ ተራ ቢሮ ነበር። የእሱን ማኅተም ያላገኘ የሠርግ መጥሪያ እንኳ አይታተምም። ቢሮው ለሠራተኞቹ የሚልከው የመመሪያ ስብስብ ነበረው፤ ምን እንደማይነካ፣ የማን ስም እንደማይጠራ የሚዘረዝር። በ1977 ቶማሽ ስትሺዤፍስኪ የተባለ የክራኮቭ ሳንሱር ሠራተኛ የመመሪያዎቹን ቅጂ ይዞ ወደ ስዊድን ወጣ፣ ለንደን ታተመ። በቢሮው ቋንቋ የታገደ ስም ላይ ያለው ምልክት ዛፒስ ይባላል፤ አንድዤየፍስኪና ባልደረቦቹ በዚያው ዓመት ያቋቋሙትን ያለ ሳንሱር የሚወጣ መጽሔት ዛፒስ ብለው ሰየሙት።

የዚህ ሁሉ ትልቁ ተጎጂ «ሚያዝጋ»፣ ተጨፍልቆ የደቀቀ ነገር ማለት ነው፣ የተባለው መጽሐፍ ነው። ዓመታት ፈጅቶበት በ1970 አካባቢ አጠናቀቀው። አንድ ታዋቂ ተዋናይ ከባለሥልጣን ልጅ ጋር ሊጋባ ነው፣ አገር የሚያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ተጠርተዋል፤ ሠርጉ ግን አይሆንም። ደራሲው የማይሆነውን ሠርግ በሙሉ ይተርከዋል፣ ግሶቹን ግን በሆነ ነበር አድርጎ፦ እንግዳው በገባ ነበር፣ በተናገረ ነበር፣ በጠጣ ነበር። በመካከል የፈጠራ እንግዶቹን የሕይወት ታሪክ እንደ መዝገብ ይደረድራል፣ የራሱንም የዕለት ማስታወሻ ያስገባል። ደካማ ጎኑ ግልጽ ነው፤ የሕይወት ታሪኮቹ ሲደራረቡ ክሩ ይበጠሳል። ቢሆንም ግማሽ ሕይወቱን በሆነ ነበር የኖረ ሰው ለዚያ ግስ ይህን ያህል ገጽ መስጠቱ ለእኔ ከየትኛውም የግል ደብዳቤ በላይ ይናገራል።

ሳንሱር ዘጠኝ ዓመት ያህል ያዘው። በመጨረሻ በ1979 ሚሮስዋፍ ሆዬጽኪ ይመራው የነበረው ኖቫ የተባለ የኅቡዕ ማተሚያ ቤት አወጣው። ኅቡዕ ማተም ምን ያህል ጉልበት እንደሚጠይቅ በቁጥር እንየው። አራት መቶ ገጽ መጽሐፍ፣ በኤ4 ወረቀት ፊትና ጀርባ ሁለት ሁለት ገጽ ጎን ለጎን ቢታተም፣ ለአንድ ቅጂ መቶ ወረቀት ይፈልጋል። ለሺሕ ቅጂ መቶ ሺሕ ወረቀት፤ በአምስት መቶ ሲታሰር ሁለት መቶ እሽግ፤ እያንዳንዱ ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ስለሚመዝን በጠቅላላው ግማሽ ቶን። ይህን በአንድ ጊዜ የሚገዛ ሰው ወዲያው ይያዛል፤ ስለዚህ ከብዙ መደብር በጥቂት በጥቂቱ ይለቀማል፣ በየሰው ቤት ይቀመጣል።

ለማባዣ መጀመሪያ ስቴንስል፣ ሰም የተቀባ ስስ ወረቀት፣ በታይፕራይተር ይመታል። የታይፕራይተሩ ሪባን ይነሳል፣ የፊደሉ ብረት በቀጥታ ስቴንስሉን ይበሳዋል። ጠንክሮ የመታ ሰው እንደ ኦ ያለውን ክብ ፊደል ቆርጦ ይጥለዋል፣ ገጹ ላይ ጥቁር ነጥብ ይሆናል፤ አለስልሶ የመታ ደግሞ ቀለም አያልፍለትም። ሌላው መንገድ የሐር ወንፊት ነው፦ በእንጨት ክፈፍ ላይ የተወጠረ ስስ ጨርቅ፣ ቀለም የሚገፋ የጎማ መጥረጊያ፣ እና አንድ ሰው። የማተሚያ ቀለም ስለማይገኝ ኮምፎርት ከሚባል የማጠቢያ ቅባት ጋር ቀለም ደባልቀው ይሠሩት ነበር፤ ከቀጠነ ፊደሉ ይደፈረሳል፣ ከወፈረ ወንፊቱ ይደፈናል። ከእያንዳንዱ ወረቀት በኋላ ክፈፉ በራሱ ብድግ እንዲል ከውስጥ ልብስ የሚወጣ ላስቲክ ያስሩበታል። ወረቀቱ ርካሽና ውኃ መጣጭ ስለሆነ አንዱ ፊት ሳይደርቅ ሌላው ከታተመ ጽሑፉ ወደ ማዶ ያልፋል፤ ስለዚህ እርጥቡ ገጽ ክፍሉን ሁሉ ሞልቶ ይሰጣል። ዛፒስ የመጀመሪያ ቁጥሩ የወጣው ከዚህም ባነሰ መንገድ፣ በታይፕራይተርና በካርቦን ወረቀት ነው፤ ከሥር ያለው ቅጂ የደረሰው ሰው የሚያነበው ጥላ ነው። የሳንሱር ማኅተም ያለበት «ሚያዝጋ» ከጥቂት ጊዜ በኋላ ወጣ፣ ተቆርጦ።

በጁን 1976 መንግሥት የምግብ ዋጋ ሲጨምር የራዶምና የኡርሱስ ሠራተኞች ወጡ፤ ተደበደቡ፣ ታሰሩ፣ ተባረሩ። አንድዤየፍስኪ ለእነሱ የአጋርነት ደብዳቤ ጻፈ፤ በሴፕቴምበር 23 ከተመሠረተው የሠራተኞች መከላከያ ኮሚቴ፣ በአጭሩ ኮር፣ መሥራቾች አንዱ ሆነ። መሥራቾቹ ስማቸውን ከነአድራሻቸውና ከነስልካቸው አወጡ። ይህ በጥንቃቄ የተመረጠ ዘዴ ነው፤ የተበደለ ሠራተኛ ያገኛቸዋል፣ ፖሊስም ኅቡዕ ድርጅት ብሎ ሊከሳቸው ይቸገራል። ለአንድዤየፍስኪ ግን ዋጋው ከሌሎቹ የተለየ ነበር። ስሙን አደባባይ ያወጣ ሁሉ የሚያጠቁበትን ነገር ይሰጣል፤ የእሱ ደግሞ ፋይል ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ይህን እያወቀ ፈረመ። አብዛኛው ሰው የሚያነሳበትን የ1950ዎቹን ድክመት ስመዝን ይህን ፊርማ በሌላኛው የሚዛን ሳህን አስቀምጣለሁ።

በዘመኑ ሌላ መንገድ የመረጡም ነበሩ። ያሮስዋፍ ኢቫሽኪየቪች ባለትዳርና አባት ነበር፣ ወንዶችን ይወድ ነበር፣ ትልቅ ደራሲ ነበር፤ ከመንግሥት ጋር ተስማምቶ የደራስያን ማኅበርን ለረጅም ዘመን መራ። ብዙ ሰው በዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ረድቷል። አልፈርድበትም። ግን ለሁለቱ የተከፈተው በር አንድ ዓይነት ነበር፤ አንድዤየፍስኪ ሳይገባ ቀረ።

የመጨረሻ ዓመታቱን መጠጥ በላቸው። «ማንም» የተባለው የመጨረሻ ልብ ወለዱ፣ ያረጀ ኦዲሴዎስ፣ የጥንቱ የግሪክ ተረት ጀግና፣ እንደገና ከቤቱ ወጥቶ ሲጓዝ የሚያሳየው፣ በ1983 ወጣ፤ ራሱም በዚያው ዓመት ኤፕሪል 19 ዋርሶ ውስጥ አረፈ። የጌቶው አመፅ የተነሳበት አርባኛ ዓመት ነበር። ፖሊስ የተመሳሳይ ጾታ አፍቃሪዎችን በመላ አገሪቱ እየሰበሰበ ፋይል የከፈተባቸው ዘመቻ የመጣው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በኖቬምበር 1985 ነው።

ከየት ልጀምር ለሚል አንባቢ፦ ሥራዎቹ በእንግሊዝኛ ይገኛሉ፤ አንዳንዶቹ ግን የሚገኙት በአሮጌ መጻሕፍት መደብር ነው። አብዛኛው ሰው ዝናውን ተከትሎ «አመድና አልማዝ»ን ያነሳል፤ እኔ ሦስተኛ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ «የሕማማት ሳምንት»፤ አጭር ነው፣ ትርጉሙ የቅርብ ነው፣ የደራሲውን ሕሊና በግልጽ ያሳያል። ቀጥሎ «የገነት ደጆች»፤ እሱን ካነበቡ በኋላ ማቼክን የሚያየው ዓይን የማን እንደሆነ ያውቃሉ፣ «አመድና አልማዝ»ም ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። በ1963 የወጣውን፣ ርእሱን ከመኃልየ መኃልይ የወሰደውን «በተራሮች ላይ እየዘለለ ይመጣል»ን ለመጨረሻ ማቆየት ይሻላል፤ ስለ አንድ ሽማግሌ ሠዓሊ ዝና የሚያወራው ይህ መጽሐፍ የረዥሙን ዐረፍተ ነገር ስልት እንደገና ይሞክራል፣ ስልቱን ቀድሞ የለመደ ሰውም ይበልጥ ይደሰትበታል። «ሚያዝጋ»ን በፖላንድኛ ማንበብ የሚችል ሰው እትሙን አጣርቶ ይግዛ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገር ውስጥ የወጣው በሳንሱር የተቆረጠ ነው፣ ሙሉው የኖቫው ነው።